ተክሊል የሚለው ካርድ

የሠርግ ጥሪ ካርዱ ታትሞ የመጣው ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ናፍቆት ንስሐ ልትገባ ስትወጣ አንዱን በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ከላይ በወርቃማ ፊደል «ሥርዓተ ተክሊል» ይላል። ከሥሩ የእሷና የጌዲዮን ስም፣ ከዚያ ቀኑ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ።

ተክሊል ለደናግል ነው። በሰፈሩ ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ሙሽሮቹ አክሊል ደፍተው ሲወጡ እልልታው ለአክሊሉም ጭምር ነው። ሳይደፉ በቁርባን ብቻ ቢጋቡ ማንም ምንም አይላቸውም። ሁሉም ግን ያያል።

ጌዲዮን በአቃቂ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራል፤ በሰንበት ትምህርት ቤታቸው ደግሞ ወጣቶችን ያስተምራል። በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሲጋቡ ሊገቡበት የተከራዩትን የገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ሁለቱ ብቻቸውን ቀለም ሲቀቡ ዋሉ። ወለሉ ላይ ባነጠፉት ካርቶን ላይ ሆነ። ማንም ማንንም አላስገደደም። ሲያበቃ ጌዲዮን አለቀሰ። ናፍቆት አላለቀሰችም፤ ሄዳ ብሩሾቹን አጠበች።

ከዚያ ወዲህ ቃሊቲ ባለው መጋዘን የዕቃ ምዝገባ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ስትጸልይ ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ የምታነብ ይመስላታል።

ካርዱ የመጣ ዕለት ታክሲ እየጠበቁ ሳለ፣ «ጌዲ፣ ለአባ ምን ልንላቸው ነው?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ናፊ፣ እናቴ እኮ ካርዱን አሳተመች። ልጆቹስ ምን ይሉኛል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ንጽሕና ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

«እኔ መስቀል ስር ቁጭ ብዬ መዋሸት አልችልም።»

«እሺ፣ አንቺ የራስሽን ተናገሪ። የእኔን ስም ብቻ አታንሺ። የራሴን እኔው እነግራቸዋለሁ። ነገ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ።»

«ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት።

ቄስ አያና የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት። ቀስ በቀስ ልትናገር አስባ ነበር፤ የወጣው ግን በአንድ ትንፋሽ ነው።

«አባ፣ ድንግል አይደለሁም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አልተቆጡም።

«መቼ ነው?»

«ጥቅምት። አንድ ቀን ብቻ።»

«ከዚያ ሰውዬ ጋር ዛሬም ትገናኛላችሁ?»

ናፍቆት አቀረቀረች።

«ተዪው፣ ስሙን አልጠይቅሽም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለጌዲዮን ግን ንገሪው፣ ልጄ። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከአንቺ ቢሰማው ይሻላል።»

ያን ጊዜ ገባት። ጌዲዮን ትናንት እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንጹሕ ነኝ ብሏል። አባ የሰው ንስሐ አያወጡም፤ አሁንም አላወጡም። እሱ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ግን «ያ ሰውዬ» ማን እንደሆነ ባልጠፋቸው ነበር።

«እሱ ራሱ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከልጅነቷ የተማረችው፣ ንስሐ የገዛ ራስን ኃጢአት መናገር እንጂ የሌላውን ማውጣት እንዳልሆነ ነው። ቃልም ሰጥታለች። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ቀኖና እሰጥሻለሁ» አሉ። «ትጾሚያለሽ፣ ትሰግጃለሽ፣ ከዚያ ትቆርቢያለሽ። እግዚአብሔር የተመለሰን ሰው አይጥልም። ተክሊሉ ግን አይሆንም። ልቀጣሽ ብዬ አይደለም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ልጸልይላችሁ ስለማልችል ነው። እፍረቱን ትችይዋለሽ?»

«አዎ» አለች። እውነቷን ይሁን አይሁን አላወቀችም።

በባጃጅ አቃቂ ገበያ ወረደች። የጌዲዮን እናት እትዬ አደሴ እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከጎን ሻርፕ የምትሸጠው የወሎዋ ዙለይኻ ገና ከሩቅ አየቻት።

«ሙሽሪት! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ጾሙ ነው ወይስ ጌዲዮን?»

«ጾሙ ነው።»

«እኔስ ጌዲዮን መስሎኝ ልጣላው ነበር!» አለች ዙለይኻ እየሳቀች።

ውስጥ እትዬ አደሴ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በፖስታዎቹ ላይ ስም ይጽፋሉ። ጌዲዮን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካርዱን እየከተተ ያሽጋል።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ። እስቲ ንገሪኝ፣ እኚህን ሰውዬ አቶ ልበላቸው ኢንጂነር? ኢንጂነር ካልተባሉ አይመጡም አሉ።»

«እትዬ፣ ካርዱን አይበትኑት።»

«ምነው፣ ስህተት አለው?»

«ተክሊል ይላል።»

እትዬ አደሴ ቀና አሉ። ናፍቆት ጌዲዮንን አየችው። ጊዜ ሰጠችው። ውጭ አንድ የታክሲ ረዳት «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እያለ ተጣርቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። ጌዲዮን የታሸገውን ፖስታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይጫናል።

«አባ አያና ጋ ሄጄ ነበር» አለችው። «ስምህን አላነሳሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

እትዬ አደሴ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ጌዲዮን፣ ምንድን ነው የምትለው ይቺ ልጅ?»

«እማ…» አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እናቱ ፊቱን አዩና ገባቸው። ዙለይኻ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተስ ለአባ ምን አልካቸው?»

ጌዲዮን ፖስታውን አስቀመጠ።

«ይቺ ብቻዋን ስትናዘዝ አንተ ንጹሕ ነኝ ብለህ መጣህ?»

«አንቺን ፈርቼ ነው፣ እማ። ካርዱን ስታሳትሚ…»

«እኔን? እኔን ፈርተህ እግዚአብሔርን ዋሸኸው?» ክዳኑን አንሥተው የካርዶቹን ካርቶን ዘጉት። «ተነሥ። አባ እስከ ስድስት ሰዓት እዚያው ናቸው።»

ጌዲዮን ተነሣ። ናፍቆት አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«አብረን እንሂድ፣ ናፊ።»

ንዴት ፈለገች፤ አጣችው። ይህን ሰው ታገባው እንደሆነም ራሷን ጠየቀች።

«እኔ ሄጄ መጥቻለሁ» አለችው።

ትንሽ ጠብቆ ብቻውን ወጣ። በሱቁ በር ባጃጅ ሲያስቆም አየችው። ከዚያ እሱ በተነሣበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እትዬ አደሴ የታሸጉትን ፖስታዎች ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ እሷ ገፉላት፤ ምንም ሳይነጋገሩ አንድ በአንድ ይከፍቷቸው ጀመር።