የአርቮ አሥረኛ የሸሚዝ ጭራ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ሳውናዬ አይሙቅ፤ የሐይቁ በረዶ በሚያዝያ ከነመኪናዬ ይዋጠኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች «አንተ ደግሞ መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?» ስለሚሉኝ ነው በመሐላ የጀመርኩት። ለማያውቀኝማ መሐላ ምን ያደርግለታል።

አርቮ ሃካላ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ ነበር። በእኛ በሰሜን ሚሺጋን ጫካ ሰው ሲገባ በሩን በእጁ ያንኳኳል፤ አርቮ በግንባሩ ነበር የሚያንኳኳው። ግንባሩ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች የቆጠረ ሰው ስንት ቤት ቡና እንደጠጣ ያውቅ ነበር።

በሩስ በሩ ነው፣ ጎንበስ ይባልለታል። አርቮን ያሰቃየው ማማ ነው። እኛ ዘንድ አጋዘን የሚታደነው ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነው። የአደኑ ወቅት ሲገባ ሁሉም በየዛፉ ማማውን ያስራል፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ከዚያ ድንጋይ ሆኖ ይውላል። የሚያክክ፣ የሚያዛጋ፣ እግሩን የሚያፍታታ ሰው አጋዘን አያይም፤ አጋዘኑ ግን እሱን አይቶት ይሄዳል። ማማ የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ ሰው ሁሉ እንደነሱ መካከለኛ ይመስላቸዋል። አርቮ ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩን ይነካል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እግሩ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ወገቡ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያገኘው አጋዘን ላይ ይተኩሳል፣ ቀጥሎ ይስታል።

አጋዘን የሳተ ሰው ካምፓችን ሲመለስ የሸሚዙ ጭራ፣ ከኋላ የሚወርደው ጫፉ፣ በመቀስ ይቆረጣል። ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። የሌሎቻችን ጭራ መሐረብ ቢያክል ነው፤ የአርቮ ግን አንሶላ ነው። የሱ ዘጠኝ ጭራዎች የሰሜኑን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሸፍነውት ነፋስ መግባት አቁሞ ነበር። ከምድጃው የተረፈውን እንጨት ባዩ ቁጥር አጎቱ ኡርሆ «ይሄ ልጅ መሳቱ ባይኖር በብርድ አልቀን ነበር» ይላሉ።

አሥር ጭራ የሞላለት ሰው ግን ጠመንጃውን አስቀምጦ ጭልፋ ይጨብጣል። እስኪሞት ድረስ የካምፑ ወጥ ሠሪ ነው። ሕጉን ያወጡት የኡርሆ አባት ናቸው፣ ማንም ሽሮት አያውቅም።

ጭልፋው እንኳ አርቮን አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው የአባቱ ጠመንጃ ነው። አባቱ ሲሞቱ «ጠመንጃዬ ከቤታችን ለሚያድነው ይሁን» ብለው ነበር። አርቮ ምድጃ ዳር ከቆመ የሚቀጥለው አዳኝ የእህቱ ባል ቬይኮ ነው። ቬይኮ አጭርና ክብ፣ የትኛውም ማማ ላይ እንቁላል ጎጆዋ ውስጥ እንደምትቀመጥ የሚቀመጥ፣ በሃያ ዓመት አንድ ጭራ ያልተቆረጠበት ሰው ነበር። ጠመንጃውን የሚሰቅልበትን ምስማር እንኳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀድሞ መትቷል።

«አርቮ፣ አማቼ፣ ሽንኩርት መክተፍ ትችላለህ?» አለው በወቅቱ መግቢያ ሰሞን።

«ለምን?»

«ኧረ እንዲሁ ነው። ሙያ ስለሆነ ቶሎ ልመድ ብዬ። አንተ እኮ እንባህ ከዓይንህ ተነስቶ ሽንኩርቱ ጋ እስኪደርስ ሽንኩርቱ ይበስላል።»

አርቮ ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ። በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ አይሊ ሙስቶነን ዘንድ ሄደ።

አይሊ በወጣትነታቸው ግንድ ለሚጎትቱ ፈረሶች ኮርቻና ልጓም ይሰፉ ነበር። ፈረሶቹ ሲያልቁ ለአዳኞች ወደ መስፋት ዞሩ። የሚሰፉት የዛፍ ኮርቻ ነው፦ ከወገብ በታች የሚታጠቅ ሰፊ ቀበቶ፣ በገመድ ከግንዱ ጋር የሚያያዝ፤ ሰውየው እሱን ለብሶ ወደ ኋላ እየተደገፈ ይንጠለጠላል። አይሊ በጣም አጭር ስለሆኑ ከባንኮኒው ኋላ ሲቆሙ ድምፃቸው ብቻ ነበር የሚታየው።

«ጫማህን አውልቅ» አለ ድምፁ።

«ቁመቴ ሁለት ሜትር ከ—»

«ቁመትህን ማን ጠየቀህ? ቁመትህንማ ከመንገድ ማዶ አይቼዋለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አይሊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደ ሻርፕ ጥለው ብቅ አሉ። ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ለኩ፤ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለኩ፤ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ።

«ማማ ሲሸጡልህ ክብደትህን ጠየቁህ?»

«አዎ።»

«ጉልበትህንስ?»

«ጉልበቴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ አርቮ።

«ረጅም ሰው የሚለካው ከጉልበቱ ነው፣ ልጄ። መቀመጫው ከጉልበትህ ዝቅ ካለ እስር ቤት ነው፤ ከፍ ካለ ዙፋን ነው። እግርህ የሚያርፍበት ሰሌዳም ጫማህን ከነጣቱ ይያዝ። ጣትህ ውጭ ካደረ ቁርጭምጭሚትህ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል።»

«እንግዲያ ማማ ይሻለኛል ወይስ ኮርቻ?»

«አንተን የሚያክል ማማ ሠርቶ ዛፍ ላይ የሚያወጣ ክሬን ካለህ፣ ማማ። ከሌለህ ኮርቻ። ግን የአጭር ሰው ኮርቻ አንድ ቀበቶ ይበቃዋል፤ ላንተ ሁለት ነው፣ አንዱ ታፋህ ሥር፣ አንዱ ወገብህ ላይ። ከፊትህ ያለችው ገመድም ረዘም ትበል። ካጠረች ዳሌህን እንደ መቀስ ትይዝሃለች።»

ሦስት ኮርቻ አወጡ። አርቮ እንደ ጨርቅ ገዢ ሊዳብሳቸው እጁን ሲዘረጋ በሜትሩ እጁን መቱት።

«ኮርቻ በእጅ አይመረጥም። ተንጠልጠል!»

የሱቁ ማገር ላይ አሰሩት። የመጀመሪያው ለሩብ ሰዓት ደግ ነበር፣ ከዚያ ዳሌውን ነከሰው። ሁለተኛው አልነከሰውም፤ ግን ቀስ እያለ ወደ ታች አንሸራተተውና ከነሱሪው ለወለሉ ሊያስረክበው ነበር። ሦስተኛውን ሲያጠልቁለት አንዲት ዓይነ ስውር ግራጫ ድመት ከመደርደሪያ ላይ ዘላ ጭኑ ላይ ተኮራመተች።

«ዝም ብለህ ቆይ» አሉ አይሊ ወደ ስፌት መኪናቸው እየተመለሱ። «ለአምስት ደቂቃ የሚመች ነገር ብዙ ነው።»

አርቮ ቆየ። መስኮቱ ላይ በረዶ ይወርድ ነበር፣ የስፌት መኪናው ከሩቅ እንደሚያልፍ ባቡር ይንኳኳ ነበር። መጀመሪያ ጉልበቱን ረሳው። ቀጥሎ ወገቡን ረሳው። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መሆኑን ራሱን ረሳው። እግሮቹ ወደ ታች ረዘሙ፣ የሱቁን ወለል አለፉ፣ መሬት ውስጥ ገብተው ውኃ የሚጠጡ መሰለው።

ሲነቃ አይሊ ምሳቸውን በልተው ጨርሰዋል። ትከሻው ላይ የሴት ኮት ተሰቅሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የደንበኛ። ማንጠልጠያ መስለሃት ነው። አልቀሰቅስህም ብዬ ሌላ ቀን ትውሰድ አልኳት።»

«ይሄኛው ነው» አለ አርቮ።

«እሱ እንደሆነማ ድመቷም አውቃለች። ግን ስማኝ፤ ይሄ ኮርቻ ያስተኛል። የደህንነት ገመድህን እንዳትረሳ። ደግሞ ብዙ አትውጣ። አንተ ከፍታህን ይዘኸው ነው የተወለድከው።»

ወቅቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አርቮ የአባቱ ጥድ ላይ ወጣ፤ ከፍ ሳይል፣ እንደታዘዘው። ከልብሱ ሁሉ በላይ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሷል፤ በአደን ወቅት ያንን ቀለም የለበሰ ሰው እንጂ አጋዘን እንዳልሆነ ጥይት ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ የጋገረችለትን ስጋና ድንች የተሞላ ቂጣ፣ እኛ ፓስቲ የምንለውን፣ እንዲሞቀው ከሸሚዙ ሥር ወሽቆታል። ጨዋማው ቅቤ ቀልጦ እስከ ሸሚዙ ጭራ ወርዷል፤ አርቮ ግን አላወቀም። ከኮርቻው ላይ ምንም ክፉ ነገር አይታወቅም።

በረዶው ያለ ድምፅ ወረደ። ባርኔጣው ላይ አንድ ጣት ያህል ተከመረ። አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ የጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ቆመች፣ ወደ ቀዳዳው አጮልቃ አየች፣ ማንም የለም ብላ ሄደች። እግሮቹ ከሰሌዳው ላይ ተንሸራተው ወደ ታች ተንጠለጠሉ። በማዶው ዛፍ ላይ አባቱ ተቀምጠው ነበር፣ ያንኑ የድሮ ቆባቸውን አድርገው።

«ተመቸህ?» አሉት።

«ተመቸኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ዝም በል።»

ዝም አለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ በረዶው ትከሻው ላይ ሁለተኛ አርቮ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ከኋላው አንድ ነገር ሸሚዙን ሳብ፣ ሳብ አደረገው። ተኝቶ ሳለ የምትጎትተው ሚስቱ መሰለችው። «ተነስቻለሁ» አለ። መጎተቱ አላቆመም። ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ።

ቀንዱ የፖም ዛፍ የሚያክል አጋዘን በኋላ እግሮቹ ቆሞ የሸሚዙን ጭራ እያኘከ ነበር። ቅቤው ጣፍጦታል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አጋዘኑ እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው ያየው። ከዚያ ራሱን ወዘወዘ፣ ጭራው ተተርትሮ ወጣ፣ ቀንዱ ላይ ተጠመጠመ። አራት እግሩ መሬት ሲነካ ብርቱካናማ ሻሽ ያሠረ ሽማግሌ መስሎ ወደ ጥዶቹ መራመድ ጀመረ።

አርቮ ጠመንጃውን አነሳ። አፈሙዙ አጋዘኑን ተከተለ። በሌላ ዓመት ቢሆን እዚህ ላይ ይተኩስ ነበር። ያኔ ነው የገባው፦ ዘጠኙንም የሳታቸው ዓይኑ ደክሞ አይደለም፤ ጉልበቱ «ተኩስና እንነሳ» ብሎ ሲጮኽበት ነው። ዛሬ ጉልበቱ አልጮኸም። ይቁም፣ ሲቆም እተኩሳለሁ አለ። አጋዘኑ አልቆመም። ከጥድ ወደ ጥድ፣ ከነጭ ወደ ነጭ እያለ ብርቱካናማዋ ነጠብጣብ ብቻ ቀረች፣ እሷም ጠፋች። አርቮ ጠመንጃውን አውርዶ ፓስቲውን በላ።

ካምፕ ሲመለስ አጎቱ ኡርሆ የተተረተረውን ሸሚዝ አይተው መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ማን ቀደመኝ?»

«አጋዘኑ ነው፣ አጎቴ።»

ሳቅ ካምፑን አናወጠው። ያልሳቀው ቬይኮ ብቻ ነበር።

«ጭራ ጭራ ነው!» አለ ከወንበሩ ተነስቶ። «ተቆርጧል፤ አሥር ሞላ። ጭልፋውን ስጡት!»

ኡርሆ የጠመንጃውን አፈሙዝ አሸተቱ። «አልተተኮሰም» አሉ። «ያልተኮሰ ሰው እንዴት ይስታል?»

«ሕጉ ስለ ጭራ እንጂ ስለ ጭስ አያወራም!»

ኡርሆ አገጫቸውን ረጅም ጊዜ አከኩ። አርቮ የአባቱን ጠመንጃ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ራሱ ጣሪያውን እንደነካ እንኳ አላወቀም።

«ልክ ነህ፣ ስለ ጭራ ነው የሚያወራው» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ያሉት ‹ግድግዳ ላይ የተመታው ይቆጠራል› ነው። ጨርቁ የታለ?»

«አጋዘኑ ቀንድ ላይ» አለ አርቮ።

«በል ቬይኮ፣ ነገ ማታ ወቅቱ ሳይዘጋ ጨርቁን አምጣልኝ፤ በገዛ እጄ እመታዋለሁ።»

በማግስቱ ቬይኮ ዱካውን ይዞ ሄደ። ረፋዱ ላይ ከቁጥቋጦው ማዶ ብርቱካናማ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። እኛ አገር ብርቱካናማ ካየህ ሰላም ትላለህ እንጂ አታነጣጥርም።

«እንዴት አደርክ ወዳጄ!» አለ ቬይኮ እጁን አንስቶ። «አንድ ጨርቅ ያጠለቀ አጋዘን አላየህም?»

ብርቱካናማው ነገር ራሱን ነቀነቀ።

«በየት በኩል አለፈ?»

አጋዘኑ በሙሉ ቁመቱ ከቁጥቋጦው ወጣ፣ በእርጋታ አየው፣ በአጠገቡ አልፎ ሄደ። ቬይኮ እጁ ገና በሰላምታ ላይ ነበር። ጠመንጃውን እስኪያወርድ፣ እስኪረግም፣ እስኪያነጣጥር አጋዘኑ ኮረብታው ጫፍ ደርሷል። ተኮሰ። ካምፕ ሆነን ሰማነው። አርቮ ያን ሰዓት ጥዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ድምፁ ሲደርሰው ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ ይባላል።

ቬይኮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኡርሆ አፈሙዙን አሸተቱ፣ መቀሱን አነሱ፣ ቀጭ አደረጉ። የሃያ ዓመት ንጹሕ ሸሚዝ! ቁራጯ የሻይ ማንኪያ መጥረጊያ ታክላለች። በአርቮ ዘጠኝ አንሶላዎች መካከል በምስማር ሲመቷት ግድግዳው ላይ ያረፈች ዝንብ መሰለች።

አርቮ ከበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ፣ የአባቱን ጠመንጃ በቦታው ሰቀለ፣ ከአማቹ አጠገብ ተቀመጠ።

«ቬይኮ፣ አማቼ» አለው በለሆሳስ፣ «ሽንኩርት መክተፍ ትችላለህ?»

የአርቮ ጭራ ዘጠኝ እንደሆነ ይኸው አለ። አጋዘኑም በየኅዳሩ ብርቱካናማዋን አጥልቆ በጥዱ ሥር ያልፋል፤ ሁላችንም ሰላም እንለዋለን፣ የሚተኩስበት የለም። አርቮ እስኪቆም ይጠብቀዋል። ማንም አልቸኮለም።

ይህ ሁሉ እንዳልኩት ነው፤ መሐላዬም በቦታው ነው። ድመቷን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት። አይሊ ድመት አልነበራቸውም፤ ግን አርቮ እዚያ ማገር ላይ ብቻውን ሲንጠለጠል አላስችል ብሎኝ ነው።