የጓሮው ሐኪም

የሆስፒታሉ መኪና ሲስተርን ከቤቷ አምጥቶ ዋናው በር ፊት አወረዳት። ሾፌሩ ክንዷን ይዞ ደረጃውን ሊያወጣት ሲል፣ «ተወኝ ልጄ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም መንገዱ አይጠፋኝም» አለችውና የብረት መደገፊያውን ይዛ ወጣች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ይህን ግቢ ረግጣው አታውቅም። ዛሬ ግን የዶክተር ፎቶግራፍ አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀልበት ቀን ነው። ዶክተር ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ወጣትነቷን ሙሉ አብራው የሠራችው ነርስ እሷ ስለሆነች፣ ስለ እሱ እንድትናገር የተጋበዘችውም እሷው ናት።

ንግግሯን ስትለማመድ ሰንብታለች። ንግግሩ አላስጨነቃትም። እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነው። ሰው ይመጣ ይሆን? በሽተኞቹ ይኖሩበት የነበረው ታች ሰፈር እንደሆነ ፈርሷል። የቆዳ ፋብሪካው ተዘግቶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ፎቅ ተበታትኗል። ዶክተርን ከሚያስታውሱት ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ አልጋ ይዟል። ባዶ ወንበር ፊት ቆሞ ስለ እሱ ማውራት፣ እንደገና እንደ መቅበር ሆኖ ይታያት ነበር።

አዳራሹ ተሰናድቷል። ፎቶው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። የፊተኛው መደዳ ላይ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ እንግዶች ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከእነሱ ኋላ ያሉት ወንበሮች ግን አንድም ሰው የለባቸውም። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ሮጥ ብሎ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ ሲስተር! ቦታዎ እዚህ ፊት ነው፣ ይቀመጡ።»

«ሰዉስ?»

«ይመጣል። በየፎቁ እየዞርን በድምፅ ማጉያ ተናግረናል።»

ተቀመጠች። ዓይኗ ግን አልተቀመጠም፤ አሁንም አሁንም ወደ ኋላ ዞር እያለ ባዶውን ወንበር ይቃኛል።

ዶክተር በመጣበት ዘመን ሆስፒታሉ ሁለት በር ነበረው። ሲስተር አሁን የገባችበት የፊተኛው በር የላይ ሰፈር ሰዎች መግቢያ ነበር። ሌላው ከጀርባ፣ በልብስ ማጠቢያውና በማገዶ ክምሩ መካከል ያለው ጠባብ በር ነው። ታች ሰፈሮች የሚገቡት በዚያ ነው። ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ስለሆኑ «ይሸታሉ» ይባል ነበር። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን ዘበኛው ገና ከሩቅ ለይቶ በዱላው ወደ ጓሮ ይጠቁማል።

ዶክተር አዲስ ተቀጥሮ የመጣ ዕለት ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ተይዘው ደረጃው ሥር ደርሰው ነበር። ዘበኛው በዱላው ጠቆመ። ዶክተር ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል የደከመውን ተቀበለና አብሯቸው ዞሮ በጓሮ ገባ። በማግስቱም በጓሮ ገባ። በሦስተኛው ቀን ዋናው ሐኪም አስጠሩት።

«ስማ ጎበዝ፣ ሐኪም በጓሮ አይገባም።»

«እኔም እኮ ነገሬ ይኸው ነው» አላቸው። «ሰው በጓሮ አይገባም።»

ከዚያ ወዲህ «የጓሮው ሐኪም» የሚል ስም አወጡለት። መስደባቸው ነበር፤ ታች ሰፈር ግን ስሙን ወዶ ተቀበለው።

ሲስተር ያኔ ቆቧን በስታርች አድርቃ፣ ነጭ ጫማዋን እንደ መስተዋት አብርታ የምትመጣ ኩሩ ልጅ ነበረች። የምትገባው በፊት ለፊት ነው። አንድ የዝናብ ቀን ጠዋት ዶክተር አጥሩ ጋ ሲያያት ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ጠራት፤ ጃንጥላው ሥር ሁለት አሮጊቶች ተጠልለው እሱ ራሱ በስብሷል። «ሲስተር፣ በዚህ በኩል ጭቃ አለ፤ ግን ሰውም አለ።» ለምን እንደሄደች ዛሬም አታውቀውም። ጫማዋ በዚያ ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ በፊተኛው በር መግባት አስጠላት።

ዶክተር ጠዋት ጠዋት የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ገልብጦ በሩ ላይ ይቀመጥና «እህ፣ ዛሬ ማን ይቅደም?» ብሎ ይጠይቃል። ተራ ቁጥር የለ፣ ዘመድ የለ፣ ቀድሞ መምጣት የለ። ማን እንደባሰበት ራሳቸው ተያይተው ይወስናሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጭቅጭቁ ለጉድ ነበር።

«እኔ ልቅደም፣ ልሞት ነው!» ይላል ሁሌ የሚያማርረው ጫማ ሰፊ።

«ባለፈው ሳምንትም ልትሞት አልነበር? ምነው ዘገየህ?» ይሉታል ሴቶቹ።

ዶክተር ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ «የሚጮኸውን ተዉት፣ ለመጮህ አቅም አለው። ዝም ያለውን ፈልጉልኝ» ይላቸዋል። እነሱም ቀስ በቀስ ለመዱት። ክንዱ የተሰበረ ሰው የራሱን ትቶ፣ ጥግ ይዛ ግድግዳ የተደገፈችውን ነፍሰ ጡር ሲጠቁም ሲስተር በዓይኗ አይታለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ የክትባት ሣጥን ይዘው ታች ሰፈር ይወርዱ ነበር። እሷ ልጅ ስትወጋ እሱ ጉድጓድ ውሃውን ያስከድናል፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጨውና ስኳር በውሃ እንዴት እንደሚበጠበጥ ለእናቶች ያሳያል። የሠራተኞቹን እጅ ያየውም እዚያ ነው። ቆዳው የሚነከርበት ኖራ ጣታቸውን በልቶ አቁስሎታል። ከሁሉ የባሰው የእማማ ኖራ ነበር፤ ስሟም የወጣው ከዚያው ነው። እጇ ነጭ ሆኖ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ዶክተር ጓንት ይሰጣቸው ብሎ ፋብሪካውን ለመነ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ሲሉት ወደ ኋላ ዞሮ፣ «እጃችሁን አሳዩ» አለ። ችሎቱን የሞላው ሰው ሁሉ እጁን አነሳ።

ጓንቱ ተፈቀደ። ዶክተር ግን ሰው አሳምፀሃል ተብሎ ታሰረ።

ያን ጊዜ ነው ታች ሰፈር ጉድ ያሳየው። ጠዋት መጥተው ጓሮው በር ላይ ቁጭ አሉ። ሌላ ሐኪም ቢላክላቸው «ዶክተር ሳይመጣ አንገባም» አሉ። የሆስፒታሉን አንሶላ የሚያጥቡት፣ ወለሉን የሚወለውሉት፣ በሽተኛ የሚሸከሙትም የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ከዘመዶቻቸው ጎን ተቀመጡ። በየቀኑ እየመጡ ይቀመጣሉ። ላይ ሰፈሮች በቆሸሸ አንሶላ መተኛት ሲጀምሩ ግን ዋናው ሐኪም ራሳቸው አማላጅ ሆነው ሄዱ። ዶክተር ተፈትቶ በቀጥታ ወደዚያው መጣ። ሲስተር እንባዋን መግታት ቢያቅታት፣ እማማ ኖራ ግን ላይ ታች አየችውና፣ «ምነው ጢምህ? ፍየል መሰልክ እኮ! ሂድ ተላጭና ና» አለችው። ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ብዙም ሳይቆይ ለሁሉም አንድ በር ይሁን ተባለ። የጓሮውን በር የታች ሰፈር ግንበኛ በጡብ ደፈነው። ዶክተር ግንበኛውን፣ «ልስን እንዳታስነካው፤ መደፈኑ ይታይ» አለው። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ዞሩና እሱን መሃል አድርገው በፊተኛው በር ገቡ።

«ሲስተር» አለ ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ። ከነበረችበት ዘመን ብንን አለች። «ሰዓቱ አልፏል። እንግዶቹም መሰልቸት ጀምረዋል። እንጀምር መሰለኝ።»

ዞር ብላ አየች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። *ረሱት* አለች በሆዷ። *አይ ዶክተር፣ ረሱህ።*

«ትንሽ ብንጠብቅ?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት።

ይህን ጊዜ ዘበኛው በጥፍሩ እየተራመደ መጥቶ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለ። ሹክሹክታ አይችልበትም ኖሮ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። «ጌታዬ፣ በጀርባ በኩል ሰው መዓት ተሰብስቧል። በር የለም ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ግድግዳ ፊት ቁጭ ብለዋል!»

ሲስተር ብድግ አለች። ጉልበቷ እንደሚያማት እንኳ ትዝ አላላትም። «ወይ እኔ! መኪና ተልኮልኝ በፊት በር ስገባ የጓሮው እንዴት ይጥፋኝ!» እያለች ሥራ አስኪያጁን አስከትላ በደረጃው ወርዳ ዞረች።

እዚያ ናቸው። ከዘራ የያዘው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ የልጁን ክንድ የተደገፈው፣ ሁሉም የጓሮው በር ከተደፈነበት ልስን የሌለው ጡብ ፊት ተሰባስቦ ተቀምጧል። እማማ ኖራ ጡቡን ተደግፋለች። ዓይኗ ፈዟል፤ እርምጃ ስትሰማ ግን ቀና አለች።

«ሲስተር ነሽ? የት ጠፍተሽ ነው? ተጎልተን ቀረን እኮ!»

«እማማ፣ በሩ ከተደፈነ ስንት ዘመኑ!»

«መደፈኑን መች አጣሁት? ይኸው በእጄ እየዳበስኩት። ግን ስለ እሱ ሲሆን የምንሰበሰበው እዚህ ነው። ታዲያ ሌላ የት እንሂድልሽ?»

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ አዳራሽ ተዘጋጅቷል፣ ወንበርም አለ። በፊት ለፊት ይግቡ» አላት።

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

«የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ነኝ።»

«እደግ። ክንድህ ግን ቀጭን ነው፣ ብላ» አለች ክንዱን ጨበጥ አድርጋ። ሰዉ ሳቀ። «ይልቅ ስማኝ፣ ዶክተር ሳይመጣ አንገባም።»

ግራ ገብቶት ወደ ሲስተር ዞረ። «ዶክተር እኮ…» አለ በቀስታ።

«እሷም ታውቃለች። ፎቶውን አምጣው።»

«የክብር እንግዳው ናቸው የሚገልጡት። ፕሮግራሙ ላይ…»

«እነዚህ ሰዎች እንደ ጠበቁ አሉ፤ ይኸው ስንት ሰዓታቸው» አለችው ሲስተር። «መሰላል ፈልግልኝና እኔው ላውርደው።»

«በዚህ ጉልበትዎ?»

«እንግዲያው አንተ ውጣ።»

ሄደ። ሲመለስ ኮቱ አቧራ ለብሷል፣ ቀዩን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጥሎ ፎቶውን በሁለት እጁ አቅፎታል። የክብር እንግዶቹም ጉዱን ሊያዩ ከኋላው ተግተልትለዋል። ፎቶው ላይ ዶክተር እጅጌውን ሰብስቦ የተገለበጠው ገንዳ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሳ። እማማ ኖራ እጇን ዘርግታ መስተዋቱን ዳበሰች።

«ጢሙን ተላጭቷል?»

«ተላጭቷል እማማ።»

«እሰይ። በሉ እንሂድ።»

ልክ እንደዚያ ቀን እሱን መሃል አድርገው ዞሩ። ዘበኛው የፊተኛውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንደሚጠበቅ አልገባውም። ሲስተር ግን ገባት። ወደ ሰዉ ዞረች።

«እህ… ዛሬ ማን ይቅደም?»

«እኔ! ልሞት ነው!» አለ ያ ጫማ ሰፊ፣ አሁን አንድም ጥርስ የለውም። «ኧረ አንተ ሰው፣ ዛሬም አልሞትክም!» አሉት። ሳቁ ሲያልቅ እንደ ድሮው እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ዝም ያለውን ፈለጉ። ከዚያ ዓይናቸው ሁሉ አንድ ቦታ አረፈ። እማማ ኖራ በዳበሳ የሲስተርን እጅ አገኘችና በዚያ በተሰነጣጠቀ መዳፏ ያዘችው።

«ዛሬ የታመምሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «ቅደሚ።»

ሲስተር ፎቶውን ከሥራ አስኪያጁ ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከተለማመደችው ንግግር አንድ ቃል እንኳ ትዝ አላላትም። ብረቱን ሳትይዝ ደረጃውን ወጣች፤ ሰዉም ከኋላዋ ተከተለ።