ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ

ባሌ ቧንቧ ሠሪ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መዓቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። ሰው ደረቱ ተከፍቶ ልቡ ላይ ብረት ሲገጠምለት ጸባዩም አብሮ ይታረማል ብዬ ነበር። ወይ ፍንክች! ሐኪሞቹ የተበላሸውን የልቡን በር አውጥተው በብረት ተክተው ሲሰጡኝ፣ ደረቱ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አፉ ግን የድሮው ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል የብረቱ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። በኋላ ሳልሰማው ስቀር ብድግ እያልኩ ጆሮዬን ደረቱ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ።

ብረት ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ ክኒን መዋጥ አለበት፣ የደሙም ቅጥነት በየጊዜው መለካት አለበት። በየሳምንቱ ክሊኒክ ወረፋ ሲይዝ፣ ውኃ የጎረፈባቸው ደንበኞች ስልኩን ሲያጮሁ፣ እሱም ሲንጨረጨር ከረመ። በመጨረሻ የክሊኒኩ ነርስ «ጋሼ፣ ለምን ቤትዎ አይለኩም?» ብላ መዳፍ የምታክል ማሽን ሰጠችው። ደስታው ልክ አልነበረውም። ከእስር የተፈታ ነው የመሰለው።

ልታስተምረን የተቀመጠች ቀን ጣቱን ብትወጋው ደም እንቢ አለ። ሠላሳ ዓመት ብረት የጨበጠ እጅ እኮ ነው፤ ቆዳው ጫማ ሆኗል። አውራ ጣቱማ የቧንቧ አፍ ደፍኖ የውኃ ግፊት የሚለካበት ነው። በሙቅ ውኃ አስነክራ፣ ትንሿን ጣት ወግታ በመከራ አንዲት ጠብታ አወጣች።

«ቁጥሩ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል ይሁን» አለችው። «ከወረደ ደሙ ይረጋል፣ የረጋውም ወደ አንጎል ይሄዳል። በጣም ከወጣ ደግሞ ይደማሉ። ትንሽ ወረድ ካለ ለአንድ ቀን ብቻ ግማሽ ክኒን ይጨምሩና ይጠብቁ። ዛሬ የዋጡት ዛሬ አይታይም፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ከአራት ካለፈ ይደውሉልኝ። ጭንቅላትዎን ከተመቱ ግን ምንም ባይሰማዎትም ሮጠው ይምጡ።»

ራሱን ነቀነቀ። አነቃነቁን አወቅኩት። ደንበኛ «ግድግዳውን እንዳታቆሽሽ» ሲለው የሚነቀንቀው ዓይነት ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ደህና ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁጥሩ ወደ አንድ ነጥብ ስምንት ወረደ። ፊቱ አመድ መሰለ። የሥራ ባልደረባው ደም ረግቶበት፣ መፍቻውን እንደያዘ መሬት ላይ ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። ደግሞ ቧንቧ ሠሪ መዘጋትን እንደ ጠላት ነው የሚያየው።

«ያፈሰሰ ነገር ይታያል፣ ይደፈናል» አለኝ። «የተዘጋ ነው የሚገድለው።» እናም ግማሹን ትቶ አንድ ሙሉ ክኒን ጨመረ።

በማግስቱ ለካ። አንድ ነጥብ ዘጠኝ። አሁንም አንድ ሙሉ ጨመረ። በነገታውም እንደዚያው። ቫልቭ ሲያዞር የግፊቱ መርፌ እዚያው ፊቱ ብድግ የሚልለት ሰው፣ ዛሬ አዙሮ እስከ ነገ ወዲያ መጠበቅ የሚባል ነገር አይገባውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ነርሷ ጠብቅ አላለችም? ቀስ በቀስ እንቁላል…»

«እንቁላልሽን ተይኝ!»

«እንደውልላት እንግዲያ።»

«ደውለሽ ማሽኗን ልታስነጥቂኝ? እንደገና ወረፋ ልታስይዢኝ? እንዳትሞክሪው!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም ተናድጄ ወደ ጓዳዬ ገባሁ።

ከዚያ ቁጥሩ እየዘለለ ወጣ። የጥርስ ብሩሹ ላይ ደም አየሁ። «ድዴ ነው» አለ። ክንዱ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር በለዝ ወጣ። «ቱቦ ተደግፌበት ነው» አለ። ያ በሙቅ ውኃ ተለምኖ የወጣ ደም አሁን ጣቱ ተወግቶ ጥጥ ቢይዝበት፣ ቢጫነው አልቆም አለ። ምግብ እስካቀርብ ሦስተኛውን ጥጥ ይዞ ተቀምጧል። ማሽኗን አገላብጬ አየሁ፤ ስድስት ነጥብ ሁለት ይላል።

«የኔ ጌታ፣ ይህ ስድስት ነው!»

«አይቻለሁ። ክኒኑን ትቻለሁ፣ ነገ ይወርዳል።» ድምፁ ግን ቀጭን ነበር። ፈርቷል። ፈርቶም አይናገርም፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። እንደውም መፍቻውን አንሥቶ የጎረቤታችንን ሲንክ ሊሠራ ወጣ።

ሲመለስ ግንባሩን በእጁ ይዟል። ከሲንኩ ሥር ሲወጣ ጠርዙ መትቶታል። ጸጉሩን ገልጬ አየሁ፤ አልተቀደደም፣ አላበጠም፣ ቀላ እንኳ አላለም።

«ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ምን ልታሳዪያቸው? ምንም የለም እኮ! ትንሽ ራሴን አመመኝ፣ ጋደም ልበልበት።»

ጋደም ሲል ደረቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያ ድምፅ ያን ቀን አስጠላኝ። ደሙ እንደ ውኃ የቀጠነ ሰው ውስጥ፣ ምን እንደሚገፋ ሳያውቅ የሚገፋ ነገር መሰለኝ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ «በሞቴ!» አልኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ድንገት የራሱ ወሬ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ሁለት ብርጭቆ በጠጣ ቁጥር የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ፦ ግድግዳ ውስጥ ስለሚያፈስ ቧንቧ። ቀለሙ ያምራል፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ባለቤቱ ደህና ነኝ ይላል፤ አንድ ቀን ግድግዳው ይወርዳል።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና «ቀለሙስ አምሯል» አልኩት፣ ግንባሩን እየነካሁ። «ግድግዳው ውስጥስ?»

ዓይኑን ገለጠ። ትክ ብሎ አየኝ። እግሩን ወደ ጫማው ዘረጋ፣ ቀኝ እግሩ ግን ጫማውን ሳተው። እንደገና ሞከረ፤ ሳተው። ያኔ ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። እኔ ጎንበስ ብዬ አጠለቅኩለት፣ እሱ «ቶሎ በይ» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ምላሱ ተሳሰረ።

ሐኪሙ የራስ ቅሉ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል አለ። ደም የሚያረጋ መድኃኒት ሰጥተው የራስ ቅሉን ከፍተው አፈሰሱለት። «ትንሽ ብትዘገዩ…» ብሎ ጀምሮ ተወው። ደሙ በረጋ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ያሰጋቸዋል፤ አሁን ሁለቱንም ጎን እየጠበቁ ነው። ነርሷ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ልትቆጣ አፏን ከፍታ፣ ፊቴን አየችና ወንበር ሳበችልኝ።

ዛሬ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የጠየቀው «ቁጥሩ ስንት ገባ?» ብሎ ነው፣ እየተኮላተፈ። ከዚያ ቀኝ እጁን አየው። ሊያነሣው ፈልጎ ጠበቀ፣ ግንባሩን ቋጠረበት፣ ግን እጁ አንሶላው ላይ ቀረ። እንደገና ሞከረ።

«እንቢ… አለኝ» አለ።

እጁን አነሣሁት። ያ የቧንቧ አፍ የሚደፍን አውራ ጣት መዳፌ ውስጥ ክብደቱን ጥሎ ተኛ፤ ብጨብጠው አይጨብጠኝም። «ቆይ» አልኩት። «የዛሬው ዛሬ አይታይም ተብለህ የለም እንዴ? ጠብቅ።»

«ስንት… ቀን?»

«አላውቅም የኔ ጌታ። እነሱም አያውቁም።»

ደረቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሊከራከረኝ አፉን ከፈተ፣ እጁን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ከተጋባን ጀምሮ ጠብቅ ስለው ሲጠብቅ ያየሁት ዛሬ ነው።