የዘገየው አሚን

«አቁሚ! ምን ልታደርጊ ነው?»

ራሕማ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ከጆሮዋ ሥር የሾለከችውን የሻሽ ጫፍ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ልትመልስ ነበር። ለጥቂት ነው የተረፈችው።

«አልነካሁም ሲስተር።»

«ልትነኪ ነበር።» ሲስተር በለጡ የፈተናውን ወረቀት ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «ከዛሬ ሌላ ዕድል እንደሌለሽ ታውቂያለሽ አይደል?»

እንዴት አታውቅ! ራሕማ የነርስ ረዳትነት ለመሠልጠን መካነ ሰላም ሆስፒታል ከመጡት ሁሉ እጇ የተፍታታ እሷ ነበረች። ጅዳ አንዲት ሽባ አሮጊት ስታገላብጥ፣ ስታጥብና ስትመግብ ስድስት ዓመት ኖራለች። አንሶላ መቀየር ላይ ማን ይደርስባታል? ግን ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ የአንድ ሕፃን እናት «አላህ እጅሽን ይባርከው!» ብላ ዱዓ አደረገችላት። ራሕማ ደግሞ የአገሯን ደንብ መቼ ትረሳለች፤ መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለችና ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ዳበሰችበት። የሕፃኑን የቆሸሸ ጨርቅ ባነሳችበት ጓንት! ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ሲስተር በለጡ ግን ሳትስቅ ዜሮ ጻፈች።

ዛሬ ከወደቀች ሰርተፍኬት የለም፣ ሥራም የለም። ያኔ ወደ ጅዳ የሰደዳት ደላላ እንደሆነ ስልኩን አላጠፋም፤ «መቼ ልመዝግብሽ?» እያለ ይደውላል። ያንን የበረሃ መንገድ ሁለተኛ ከምታየው ብትሞት ትመርጣለች።

የዛሬው ታማሚ አባባ አበጋዝ ናቸው። ከከላላ ገጠር በበቅሎ ተነስተው፣ የቀረውን በመኪና መጥተው፣ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባቸው ለብቻቸው አንድ ክፍል ከተኙ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። መስኮታቸው ብርድም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

«ይቺ ማስክ ዓይንሽን ብቻ አስቀረችልኝ» አሏት ፊታቸውን ስታብስላቸው። «ዓይንሽስ ደግ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

«የአሊ ልጅ ነኝ፣ ከወዲህኛው ቆላ። አያውቋቸውም።»

ቀስ ብላ ወደ ጎን አዞረቻቸው። የቆሸሸውን አንሶላ ሳታራግፍ ወደ ውስጥ ጠቀለለችው፣ ንጹሑን አነጠፈች። ሽማግሌው ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ። አባቷም እንዲሁ ነበሩ።

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«ሞተዋል። እኔ ጅዳ እያለሁ።»

«ኢናሊላሂ! መርቀው ነበር የሸኙሽ?»

ራሕማ ትራሱን ይዛ ቆመች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ቤት ሰው ሳይነቃ ነው የወጣችው። ከጅዳ መጀመሪያ ስትደውል አባቷ አልተቆጧትም። «እንግዲያው መርቁኝ» ስትላቸው ግን፣ «ምርቃት በስልክ አይሆንም ልጄ። ነይና ፊት ለፊት» አሏት። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ለመነቻቸው፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር «ነይና» አሏት። ስትመጣ የተቀበላት መቃብራቸው ነው። እስከ ዛሬ ሰው ሲመረቅ ባየች ቁጥር አባቷ ይናፍቋታል።

«አልመረቁኝም» አለች።

አባባ አበጋዝ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«በይ ነይ። ያንን ጨርቅ ከፊትሽ አውርጂና ቅረቢኝ፤ እኔ እመርቅሻለሁ። እትፍ ያልተባለበት ምርቃት ምኑ ምርቃት ነው!»

በሩ ላይ የሲስተር በለጡ እስክሪብቶ ቆመ። ራሕማ አንድ እርምጃ ቀረበች። ወላሂ፣ ማስኩን አውርዳ ጉልበታቸው ላይ ብትደፋ ደስታዋ ነበር! እጇ ግን ወደ ፊቷ አልሄደም።

«አባቴ፣ አልችልም። በሽታው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው።»

«ተጸየፍሽኝ?»

«አፉ በሉኝ! እርስዎን ልጸየፍ?» ዙሪያዋን ቃኘች። ጠረጴዛው ላይ አክታቸውን የሚተፉበት ባለ ክዳን ዕቃ አለ፤ አዲስ፣ ገና ምንም ያልገባበት። አነሳችውና ክዳኑን ከፍታ በተዘረጋ ክንዷ አቀረበችላቸው። «ቃሉን ለኔ ይስጡኝ። እትፍታውን እዚህ ውስጥ።»

ሽማግሌው ዕቃውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆኖ እስኪበርድ ጠበቀቻቸው።

«ወይ ዘንድሮ!» አሉና ዕቃውን ተቀበሉ። ድምፃቸው ወዲያው ሌላ ሆነ። «የዳሰስሽው ይዳን። የያዝሽው በረካ ይሁን። ወጥተሽ ግቢ። አባትሽ ሊሉሽ ፈልገው ያልደረሱበትን ሁሉ፣ እኔ በሳቸው ፈንታ ብየሻለሁ። እትፍ! እትፍ! እትፍ!» ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙት።

የራሕማ ሁለት መዳፎች ሳታዛቸው ወደ ላይ ተነሱ። ደረቷ ጋ ሲደርሱ ጓንቱን አየችው። ቆመች።

«አሚን በይ እንጂ!»

«እላለሁ አባቴ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ዕቃውን ተቀብላ የተላላፊ ቆሻሻ መጣያው ቢጫ ባልዲ አጠገብ ስትደርስ መልቀቅ አቃታት። ዓመታት የለመነችው ነገር በእጇ ነው፣ ልትጥለው ነው። እንዲያም ሆኖ ጣለችው። ጓንቷን በግልባጩ አወለቀች፣ ጋውኑን ወደ ውስጥ ጠቀለለች፣ እጇን ታጠበች። ወጥታ በሩን ከዘጋች በኋላ ማስኩን ከኋላ በላስቲኩ ይዛ አወጣችው፣ ደግማ ታጠበች። በጣቶቿ መሃል፣ አውራ ጣቷን፣ የጥፍሯን ሥር፤ አንድም አላስቀረችም። በወረቀት አደረቀች።

«ጨረስሽ?» አለች ሲስተር በለጡ።

«አንድ ቀረኝ።»

በግቢው ዞራ የአባባ አበጋዝ ክፍት መስኮት ትይዩ፣ ራቅ ብላ ቆመች። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው እየጠበቋት ነበር። ንጹሕ መዳፎቿን ዘረጋችላቸው።

«አሚን፣ አባቴ!» አለችና ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ዳበሰች።