የማትቆጠረዋ ሰላምታ

ፈታኟ ጠዋት አዲሱን የአደን ጠመንጃ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አጥብቃ አስራ፣ መቀርቀሪያውን ስባና መልሳ ዘግታ፣ እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን ሴፍቲ ካላቀቀች በኋላ ሚዛኗን እንዳላመጣች ትዝ አላት። ምላጩ ስንት ጉልበት እንደሚፈልግ የምትለካባት ትንሽ ሚዛን ናት፤ ያለሷ ሥራ የለም። «አንድ ቀን ጭንቅላቴን ቤት ረስቼ እመጣለሁ» ብላ ራሷን ሰደበችና ለጠመንጃው ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። እጇን ወደ ሚዛኗ ስትዘረጋ ከኋላዋ ቀጭ! አለ።

ዞር አለች። ክፍሉ ውስጥ ከሷ በቀር ሰው የለም። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ ስለተሸፈነ የውጭ ድምፅ አይገባበትም፤ እዚያ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው የገዛ ትንፋሹን እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ መስማት ይጀምራል። ጠመንጃው ባዶ ነው፣ ጥይት የለበትም። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ግን መትቷል። ምላጩን የሳበ የለም።

«ማነው?» አለች፣ ሞኝነቷ ለራሷ እየታወቃት።

ድምፁን የምታውቀው መሰላት። ታላቅ ወንድሟ በሕይወት ሳለ ከሳህኗ ላይ ሊሰርቃት ሲያስብ ምላሱን እንዲህ ቀጭ ያደርግላት ነበር። እሷ ወደ ድምፁ ስትዞር እሱ በሌላ በኩል እጁን ሰዶ ያሰበውን ወስዷል። አሁንም ዞራ ቆማ ምን እንደጎደለ እየፈለገች እንደሆነ ገባት። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ጠመንጃውን ደግማ ደጋግማ ሞከረችው። ምላጩ ሲሳብ ብቻ ይመታል፣ ካልተሳበ ዝም። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ጨዋ ልጅ ሆኖ ዋለ። እሷም «ድካም ነው» ብላ ለማንም ሳትናገር ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሆን ብላ አደረገችው። ሴፍቲውን አላቀቀችና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆመች። ምንም የለም። ምላጩ እንደቆመ ነው። በራሷ ልትስቅ ከንፈሯን ስታላቅቅ ቀጭ! አለ። የማጅራቷ ፀጉር ቆመ። ሳታስበው «ደህና አደርክ?» አለችው፣ ከዚያ በራሷ ድምፅ ደነገጠች።

ነገሩ ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ «ጋኔን አለበት» ተብሎ ይሳቅበት ነበር። እሷ ግን የምትስቅበት አንጀት አልነበራትም። ወንድሟን የገደለው የዚሁ ፋብሪካ አሮጌው ሞዴል ጠመንጃ ነው፤ የያዘው ደግሞ አባቷ።

ያኔ እሷ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። አባትና ልጅ ማለዳ ለአደን ወጡ። አጋዘን ብቅ ስትል አባትየው ሴፍቲውን አላቀቀ፤ አጋዘኗ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ተመልሳ ገባች። ልጁ የት እንደገባች ለማየት ከፊቱ ብድግ አለ። አባትየው ጠመንጃውን በግራ እጁ እንደያዘ ቀኝ እጁን አንስቶ «ቁጭ በል» ብሎ ምልክት አሳየው። ያኔ ጠመንጃው ባረቀ።

«አልነካሁትም። ቀኝ እጄ አየር ላይ ነበር» አለ ለፖሊሱ፣ ለለቀስተኛው፣ ለሚስቱ። ማን ይመነው? እናትየው «ያለ ነፋስ ዛፍ አይወዛወዝም» ብላ ፊቷን አዞረችበት። «ሳተኝ፣ አመለጠኝ ቢለኝ ይቅር እለው ነበር። በልጄ ሬሳ ላይ ሲዋሸኝ ግን…» ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙን ጠርታው አታውቅም። «ሰውዬው ይብላ»፣ «ሰውዬውን በሩን ዝጋ በዪው» ነው፤ ያውም በልጇ በኩል። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን አባትየው ማዕድ ላይ እጁን አጥቦ ሲያበቃ «እሺ፣ ነክቼው ይሆናል» አለ። ደከመው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ቤቱ በዚያ ጸጥ አለ፣ ሰላም ግን አልወረደም።

ልጅቷ አድጋ ጠመንጃ ፈታኝ የሆነችው በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል። ትፈትናለች፣ ትፈርማለች። አዲሱ ጠመንጃም የሷን ፊርማ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሰደፉ ቀሏል፣ አፈሙዙ ተለውጧል፣ መቀርቀሪያው ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ይንሸራተታል። የነደፈው መሐንዲስ በኮሪደሩ ሲያልፍ ልጁን የዳረ አባት ይመስል ነበር።

እሷ ወደ ክፍሉ አለቃ ሄደች። ሽማግሌው ብረት ሲሞርድ ስለኖረ «ጋሽ ሞረድ» ይሉታል፤ ትክክለኛ ስሙን ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

«ጋሽ ሞረድ፣ ጠመንጃው ለብቻው ይመታል።»

«ስንተኛው ምት ላይ?»

«መጀመሪያው ላይ። ጠዋት፣ ካደረ በኋላ።»

«ወይ አንቺ! እሱማ ሰላምታው ነው» አለና ሳቀ። «ሰላምታ ደግሞ አይቆጠርም።»

በዚያ ክፍል ወግ ነበር። ብረት ሲያድር ያኮርፋል ይባላል። ስለዚህ ጠዋት ፈተና ከመጀመሩ በፊት ፈታኙ መቀርቀሪያውን ስቦ፣ ዘግቶ፣ ሴፍቲውን አላቅቆ ወዲያው ምላጩን ይስባል፤ ይህቺ ሰላምታ ናት። መቁጠር የሚጀመረው ከሷ ቀጥሎ ነው። ፈታኟም ሚዛኗን እስከረሳችበት ጠዋት ድረስ ሰላም ሳትል ፈተና ጀምራ አታውቅም ነበር።

«ለምንድነው የማይቆጠረው?» አለችው።

ጋሽ ሞረድ ራሱን አከከ። «እኔንም ያስተማረኝ ሰውዬ አይቆጠርም ነው ያለኝ» አለ።

«አዳኝ ሰላምታ አያውቅም፣ ጋሽዬ። የሱ የመጀመሪያ ጥይት ያው ጥይት ነው።»

የሽማግሌው ሳቅ ጠፋ። ሦስተኛውን ጠዋት አብሯት ገባ። ሴፍቲውን ራሱ አላቀቀ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ቀጭ ሲል ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ዓይኑ ጠመንጃውን ሳይሆን ከጠመንጃው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚያየው።

ካቻቪቴ አምጥተው የምላጩን ሳጥን ፈቱት። ነገሩ ጋኔን አልነበረም፣ እኔን ከጠየቃችሁ ከጋኔን የባሰ ነው። መርፌውን አስሮ የሚይዝ ጥፍር የምታህል ብረት አለች። ሌሊቱን የተቀባችው ዘይት ሲረጋ፣ ወደ ቦታዋ የሚገፋት ሞላ ሊመልሳት ያቅተዋል፤ ቦታዋ ላይ በደንብ አትገባም። ሴፍቲው ሲላቀቅ በጠርዟ ብቻ ተንጠልጥላ ትቆይና በዝግታ እየተንሸራተተች ትወድቃለች። አንዴ ከወደቀች በኋላ ዘይቱ ይላቀቃል፣ ቀኑን ሙሉ እንከን የላትም። እነሱ ደግሞ ሴፍቲውን አላቅቀው ወዲያው ምላጩን ስለሚስቡ፣ ለብቻው የመታውን ሁሉ እኛ ስበነው ነው ሲሉ ኖረዋል።

«መሐንዲሱ ምላጩም አዲስ ነው ብሎን አልነበር?» አለች።

«ኮቱን ነው የቀየረለት» አለ ጋሽ ሞረድ። «ይቺ ከአሮጌው ሞዴል እንዳለች የተወሰደች ናት። ስንት ዘመን የተፈተነች ናት ብለው።»

«ከአሮጌው?»

«ከአሮጌው።» ይህን ብሎ ፊቷን ሲያይ የወንድሟ ነገር ትዝ አለው፤ ታሪኩን ያውቃል። ካቻቪቴውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ሳትጠይቀው ሳጥኑን መልሶ ገጥሞ፣ ቀይ ካርድ አምጥቶ ጠመንጃው ላይ አንጠለጠለ። ቀይ የተንጠለጠለበት ከፋብሪካው አይወጣም። ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ መጥቶ «ፈተናውን ሁሉ አልፏል እኮ!» ብሎ ሲጮህ ጋሽ ሞረድ «ነገ ማለዳ ና፣ ወንድሜ። ሰላምታውን አብረን እንስማ» ብሎ ሸኘው።

ማለዳ ግን ከመሐንዲሱ ቀድመው የገቡት ልጅቷ ያመጣቻቸው እናትና አባቷ ነበሩ። ጋሽ ሞረድ በጓሮ በር አስገብቷቸው ራሱ በሩ ላይ ቆመ። እናትየው ከአግዳሚው በአንዱ ጫፍ፣ አባትየው በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀረ።

«እዩ፣ ባዶ ነው» ብላ የጠመንጃውን ሆድ ከፍታ አሳየቻቸው። ሞርሳው ላይ አሰረችው። መቀርቀሪያውን ዘጋች፣ ሴፍቲውን አላቀቀች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ፣ ወደኋላ እየተራመደች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። አባቷ ያንን የተነሳ እጅ አይቶ አንገቱን ደፋ።

ስፖንጁ ድምፁን ሁሉ ውጦታል። ልጅቷ የአራቱንም ትንፋሽ ለየብቻ ትሰማ ነበር፤ አንዳንዴ አምስተኛ የምትሰማ ይመስላታል። ዛሬስ ባይመታ? ዛሬ እንኳ እንደ ወንድሟ ቢያሾፍባት?

«ምንድነው የምንጠብቀው?» አለች እናትየው። ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች። «ልጄ፣ እኔ እንደሆነ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሰውዬውን ይዘሽ—»

ቀጭ!

እናትየው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። «ማነው የነካው?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንም፣ እማዬ። የኛውም ጠመንጃ ይሄው ብረት ነበረው።»

«አንድ» አለ ጋሽ ሞረድ ከበሩ፣ ለራሱ ያህል። በዚያ ክፍል ሰላምታ ሲቆጠር የመጀመሪያው ነበር።

እናትየው ጠመንጃውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሌላኛው የአግዳሚ ጫፍ ዞረች። «እጅህ አየር ላይ ነበር» አለችው። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ በቀጥታ ለሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ልጅቷ አባቷ ያለቅሳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ወይ «ብያችሁ ነበር» ይላል ብላ። አባትየው ግን ቀኝ እጁን ወደ ብርሃኑ አንስቶ የራሱን ጣት እንደ ሌላ ሰው ጣት ያየው ጀመር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አልነካሁም ስል ኖርኩ» አለ። «ነክቼው ይሆናል ካልኩ ወዲህ ግን ይሰማኛል። በእንቅልፌ እስበዋለሁ። ብረቱ ሲቀዘቅዘኝ፣ ሲላቀቅ፣ ሁሉም ይሰማኛል። ጣቴ ታስታውሰዋለች።» ወደ ልጁ ቀና አለ። «ካልሳብኩት ታዲያ በየሌሊቱ የሚስበው ማነው?»

ልጅቷ ስለ ዘይትና ስለ ሞላ ልትናገር ስትል እናትየው ቀደመቻት።

እናትየው በባዶው ቦታ ላይ ተንፏቃ ተጠጋች። የተነሳውን ጣት ይዛ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። ጥቂት ቆይታ ድንገት ክው አለች፤ መዳፏ ውስጥ ጣቱ ምላጭ እንደሚስብ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ተሰምቷታል። ግን አልለቀቀችውም።