ጋሽ ሲባጎ በምን ክር ተሰፉ

ይሄ ታሪክ እንዳለ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብጨምርበት ምላሴን ይቁረጠው።

አንድ አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። የከፈቱትን ሆድ የሚዘጉት በወፍራም ናይለን ክር ብቻ ስለሆነ፣ የሆስፒታሉ ሰው ከጀርባቸው «ጋሽ ሲባጎ» ይላቸዋል። ናይለን አይሟሟም፣ አይክድም ባይ ናቸው። እሳቸው የሰፉት አናጢ ከጣሪያ ወድቆ እግሩም ክንዱም ሲሰበር፣ ስፌቱ ግን ንቅንቅ አላለም ይባላል። ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟው ክር የመጣ ጊዜማ፣ ይሄ ስኳር ነው እንጂ ክር ነው ወይ ብለው ሳቁበት።

ሙያውን ያስተማሩት ለእህታቸው ልጅ ነው። እጁን ካመኑት ወዲህ ዋናውን ሥራ ጨርሰው «በል ዝጋው» ይሉትና ጓንታቸውን አውልቀው ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ፣ ስፌቱ ላልቶ አንጀቱ ቆዳውን እየገፋበት የሚመለስ በሽተኛ ጠፋ። ጋሽ ሲባጎም ደረታቸውን ነፍተው፣ ለመጣው እንግዳ ሐኪም ሁሉ ናይለንን ሲሰብኩ ኖሩ።

ታዲያ አንድ ቀን የራሳቸው አንጀት ተጠማዘዘ። ተጋድመው የልጁን እጅ ያዙና፣ በናይለን እንደሚዘጋቸው ቃል ካልገባ ማደንዘዣ አልወስድም አሉ። ልጁም በእናቱ ማለላቸው።

ቁስሉ ጠገገ። ጋሽ ሲባጎ ግን ከሲታ ናቸው፤ የናይለን ቋጠሮ በከሲታ ሰው ቆዳ ሥር እንደ ጠጠር ይዳሰሳል። ሆዳቸውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱ። ምንም የለም። ኦፕራሲዮን ክፍል የነበረችውን ነርስ ቢጠይቋት፣ ያልተጨማደደውን አንሶላ ማቃናት ያዘች። ልጁን አስጠሩት።

«አንጀትዎ ተጠማዞ ሳለ ከምንከራከር ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በሚሟሟው ነው የዘጋሁዎት። እሱ እስኪሟሟ ሥጋው ይገጥማል። የናይለኑ ቋጠሮ ግን ይወጋዎታል፣ አንዳንዴም ይመግላል።»

«እንዲህ መዝጋት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ልጁ የጋዋኑን ቁልፍ ፈትቶ መልሶ ቆለፈ። ደገሙለት።

«ካመኑኝ ቀን ጀምሮ።»

በጋሽ ሲባጎ ፊት ያ ሁሉ የኮሩበት ሆድ አንድ በአንድ ተደረደረ። የኔ ያሉት ሁሉ የልጁ ሥራ ነበር። ያኔውኑ ቢነግራቸው ይቆጡት፣ ይሰድቡት፣ ምናልባትም ሰንብተው ይሰሙት ነበር። እሱ ግን አጠገባቸው ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ ሲያስወራቸው ከረመ። ስፌቱ ቢተረተር ይቅር ባሉት፤ ይኸው ቁስሉ ድኖ ቁጭ አለ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሆን ብለው፣ የመስኮት መስታወት የሚያረግፍ ሳል ሳሉ። ስፌቱ ያዘ። ደግመው ሳሉ። አሁንም ያዘ።

ሳሉን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሰውየው አልሳሉም። ልጁ ቁስሉን ሊያይላቸው እጁን ሲዘረጋ፣ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው «ሌላ ሰው ጥራልኝ» ነው ያሉት።