የአላቢው በርጩማ

«እሱ ላይ እንዳይቀመጡ!» አለች እህትየው።

እንግዳው እንዳጎነበሰ ቀረ። የሟቹን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስቦ ሊቀመጥበት ነበር። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ እንግዳ ነው» አለች አክስቷ።

«ይቁም። ወንድሜም ብዙ ጠብቋል።»

ሰውዬው የመጣው ከድሮው የአእምሮ ሕሙማን መቆያ ነው። መቆያው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ላሞች ይታለቡበት የነበረው የድንጋይ በረት ግን ቅርስ ተብሎ ጣሪያው ታድሷል፤ እሱም የበረቱ ኃላፊ ሆኗል።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «በረቱን ለጎብኚ ልንከፍት ነው። የላሞቹ ስም እንኳ በየጋጣቸው ላይ እንደተጻፈ አለ፤ ዳማ፣ ቦራ… ይህን በርጩማ ብትሰጡን ደግሞ ሙሉ ይሆናል። ላሞቹ ከሟቹ በቀር ለማንም አይታለቡም ነበር አሉ። እንዴት ያለ ፍቅር ነው!»

ፍቅር! ደሟ ፈላ።

ወንድሟ መቆያው የገባው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ነው። በሁለተኛው ዓመት ዳነ። ሐኪሙም «ወደ ቤቱ ይሂድ» ብሎ ጻፈ። እሷ የታጠበ ሸሚዝ ይዛ በር ላይ ስትጠብቅ የእርሻው አለቃ ወጣ። «እሱ ከሄደ ማን ያልባል? ላሞቹ ለሌላ ሰው ወተት ይከለክላሉ። ምትክ እስኪገኝ ነው» አላት። ሸሚዙን ይዛ ተመለሰች። ምትክ ሳይገኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ በርጩማውን ይዞ ቤቱ የገባው መቆያው ሲዘጋ ነው።

ልትጠይቀው ስትሄድ እየሳቀ፣ «ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ የኔዎቹ እዚሁ ምድር ናቸው፣ ወተታቸውን ግን አለቃ ይጠጣዋል» ይላት ነበር።

«ፍቅር አይደለም ጌታዬ» አለች። «ድኖ ሳለ፣ ማለብ ስለቻለ ነው የታሰረው። የላሞቹ ስም አለ አሉ። የወንድሜስ?»

ሰውዬው በእጁ የያዘውን ወረቀት አገላበጠ። «እ… ‹ታካሚ አላቢ› ይላል።»

«እግዜር እንኳ ሰውን በስሙ ነው የሚጠራው! ሂዱና ስሙን ጻፉ። ድኖ መታሰሩንም ጻፉ። ያኔ በርጩማውን ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ።»

«ኧረ በለቅሶ ቤት!» አለች አክስቷ።

«እዚህ ካልተነገረ የት ሊነገር ነው?»

እንግዳው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ ሊሞት ሲል እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይጨበጡና ይዘረጉ ነበር። ሕመም መስሏት «አይዞህ» ስትለው፣ «ቦራ ቀርታለች» ነበር ያላት።

እሱ ላሟን በግንባሩ ተደግፎ ያልብ እንደነበረው ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሁለት እጇን ዘረጋች። ጨበጠች፤ ዘረጋች።